ለራንሰም አንቀጽ የለንም

የእድሬ ዳኛ ወንድሜን በሕይወት እያለ ሞቷል ብዬ እንድፈርም አደረገኝ።

ታናሼ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከነጭነቱ መንገድ ላይ አገቱት። በሦስተኛው ቀን ደውለው የሚፈልጉትን ገንዘብ ተናገሩ። እኔ እንጦጦ ሥር አጣና ሸጬ የማድር ሰው ነኝ። ዘመድ አዋጣ፤ አልሞላም። የጎደለው የእድር ክፍያ ያህል ስለነበር ወደ እድሬ ሄድኩ።

ጸሐፊያችን ጡረተኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ካላስገባ የተናገረ አይመስለውም። "ይሄ ራንሰም ነው የሚባለው" አለኝ። "ለራንሰም አንቀጽ የለንም። የምንከፍለው ለሞተ ነው።"

ማንበብ የተማርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ የማላውቀውን ቃል ሳልፈልግ አላልፍም። መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። የታገተን ሰው ለማስለቀቅ ላጋቹ የሚከፈል ገንዘብ፣ ይላል። ከፍሎ ማስለቀቁም በዚያው ቃል ይጠራል። ትርጉሙ ልክ ነው። ማን እንደሚናገረው ግን አልጻፈም። አጋቹ "ሒሳቡ" ነው የሚለው፣ እሱ ቤት ሻይ የጠጣሁ ይመስል። እናቴ "የልጄ ነፍስ" ትላለች። ራንሰም የሚለው ማንም ያልታገተበት ሰው ነው።

በማግስቱ ዳኛው ደጄ ድረስ መጣ።

"ሞቷል ብለህ አስመዝግብ። ዛሬውኑ ይከፈልሃል።"

"ጋሼ፣ አልሞተም እኮ።"

"ከነሱ እጅ ማን ወጣ? ከመጣ ያኔ እናያለን።"

ፈረምኩ። በአሻራ አይደለም፤ ስሙንም፣ "በመኪና አደጋ" የሚለውንም በገዛ እጄ ጽፌ። አስከሬኑ እዚያው ተቀብሯል ተባለ። ድንኳን ተተከለ፤ እድርተኛው ሊያስተዛዝን መጣ። እናቴ እውነቱን እያወቀች አለቀሰች። ለማስመሰል አልነበረም።

ስልኬ ጠራ። ከድንኳኑ ጀርባ ወጥቼ አነሳሁት።

"ምንድነው ጩኸቱ?" አለ አጋቹ።

"ልቅሶ ነው።"

"ማን ሞቶ?"

"ወንድሜ።"

ሳቀ። "እዚህ ያለው? ቸኮላችሁ እኮ።"

ስልኩን ለታናሼ ሰጠው። የታናሼ ትንፋሽ ይሰማኛል። የእናታችንን ድምፅ ለይቶ ሰምቷል።

ገንዘቡ ተከፈለ፤ ለቀቁት። ዳገቱን በእግሩ ሲወጣ ቦኖ ውኃ ላይ የነበሩት ሴቶች ጄሪካናቸውን ጥለው መንገድ ለቀቁለት። አንዷም እንኳን ደህና መጣህ አላለችውም። ቤት ሳይገባ ጸሐፊው ዘንድ ሄደ፤ ተከተልኩት። መዝገቡን አስገልጦ አነበበ።

"የማን ጽሕፈት ነው?"

"የእኔ።"

"ቆንጆ ትጽፋለህ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

ዳኛው "እኔ አላልኩትም" ብሎ እድርተኛው ፊት ማለ። ገንዘቡ ካልተመለሰ ሞቱ ከመዝገብ አይሰረዝም ተባለ። የቀረኝን አጣና በሙሉ ሸጬ መለስኩ። የተሰረዘው ሰኔ 12 ቀን ነው፤ መልአኩ የሞት ደብዳቤ ቀየረ በሚባልበት በዓል።