በሰው እግር የሄድኩት መንገድ

ለልጄ ዋሽቻታለሁ። አራት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

የምሠራው ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ባለ የትራንዚት ቢሮ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ዕቃ ወደብ ላይ ሲራገፍ ሰነዱን አዘጋጅቶ ማስጨረስ የእኛ ፋንታ ነው። ድሮ ይህ የእግር ሥራ ነበር። ወረቀቴን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ከቢሮ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደብ፣ ከወደብ ደግሞ አንድ ማኅተም ጎደለ ተብዬ ወደ ኋላ። በዓመት ሁለት ጫማ እጨርስ ነበር። ያኔ ሥራውን ስረግም እውል ነበር፣ ሞኝ! ከዚያ ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ማኅተሙም ገባ፣ ፊርማውም ገባ፣ እኔም አብሬ ገባሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት የተቀመጥኩ ቀን ሰባት ሰዓት እነሳለሁ። የምነሳውም ከተማው ሁሉ ሥራ ሲዘጋ፣ ጫቱ ሲደርስ፣ ወዳጄ ቤት ሄጄ ፍራሽ ላይ ልቀመጥ ነው። በዚህ አገር ሙቀት ደግሞ ማን ውጣና ተራመድ ይልሃል? ሰነፍ ሰው እዚህ ሰበብ አያጣም።

ሚስቴ ከሞተች በኋላ ስኳር ያዘኝ። ሐኪሙ ደሜን አይቶ፣ ከዚያ ሆዴን አይቶ፣ መድኃኒቱን ጻፈልኝና "ግን ካልተራመድክ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው" አለኝ። ጣቶቼ መደንዘዝ ጀምረው ነበር። ልጄ ድሬዳዋ ነርስነት ትማራለች፤ እናቷን አስታማ የቀበረች ልጅ ናት። በስልክ ስነግራት "አባዬ፣ እኔ ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?" አለች። ይህን ብላኝ ሁለተኛ አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም።

በወሩ የእጅ ሰዓት ላከችልኝ። የራሱ ሲም ካርድ ያለው፣ እርምጃ የሚቆጥር፣ የልብ ምት የሚለካ ነው፤ እኔ እዚህ ስራመድ እሷ እዚያ ስልኳ ላይ ታያለች። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ሦስት ቀን ገና ሳይነጋ ተነስቼ ከቤቴ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ደርሼ ተመለስኩ። አባቴ እዚያ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ላይ ሲሄድ ኖሮ ስኳር የሚባል ነገር ሳያውቅ ሞተ። በአራተኛው ቀን ጉልበቴ አበጠ። በአምስተኛው አየሩ ራሱ አልተነፈስ አለኝ። በስድስተኛው ልጄ ደወለች፤ "አባዬ፣ ዛሬ ስምንት መቶ እርምጃ ብቻ? ከአልጋ ወደ ወንበር ነው እንዴ የሄድከው?" ቀልዷን ነበር። እኔ ግን አፈርኩ፤ ያለችው ልክ ነበራ።

ይህን ለወዳጄ ነገርኩት። ወዳጄ ስል አብሮ አደጌን ነው። የእሱም አባት የባቡር ሰው ነበር፤ በአንድ ግቢ አደግን፣ እነሱ ሲያፈጥሩ እኛ ከገበታቸው፣ እኛ ስንፈስክ እነሱ ከደጃችን ሳይጠፉ። እሱ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ይቆጥራል። ቁጥሩን ያነባል፣ ማሸጊያው እንዳልተነካ ያያል፣ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ከጠዋት እስከ ቀን በዚያ በሚጋረፍ ብረት መሐል። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ "ወንበሩ" ነው የሚለኝ። ጉዳዬን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀና እጁን ዘረጋልኝ።

"አምጣው ወዲህ! እኔ እንደሆን ስሄድ ነው የምውለው። ልጅቷ ለምን ትጨነቅ?"

ለአንድ ቀን ነበር። ያን ቀን አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ ሄድኩ፣ ማለት ሄደልኝ። ልጄ በስልክ እልል አለች፤ "የኔ ጀግና!" ብላ። እንዲህ ብላኝ ነገ ስምንት መቶ እንዴት ላሳያት? ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ጠዋት ሚኒባሱን ከመያዙ በፊት ቢሮዬ ብቅ ይላል፣ ማሰሪያውን እኔው እጁ ላይ አጠብቅለታለሁ፣ ሰባት ሰዓት ሲሆን ቤቱ ፍራሽ ላይ ይመልስልኛል። "ዋርያ ወንበሩ፣ ዛሬ ስንት ሄድክ?" ይለኛል፣ ዋርያ ማለቱ በሶማልኛው አንተ ሰው ነው፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሚስቱ እንኳ ሻይ ስታቀርብ "ደከመህ አይደል?" እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ልጄ ግን አልቀለደችም። የእኔን እርምጃ በየቀኑ ወረቀት ላይ እየጻፈች መኝታዋ አጠገብ ለጥፋዋለች። ባሰብኩት ቁጥር የሚያቃጥለኝ ደግሞ ይህ ነው፤ እሷም መሄድ ጀመረች። ከትምህርት ስትወጣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር እኔ የሄድኩትን ያህል ትሄዳለች። "አብረን እየሄድን ነው አባዬ" ትለኛለች። ስኳሬ አልወርድ ሲል በመድኃኒቱ ላይ ፈረደች፤ እንዲህ የሚሄድ ሰው ስኳሩ እንዴት አይወርድም ብላ ከመምህሮቿ ጋር ተከራከረች አሉ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እሺ፣ እሺ እላለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ገና ከሥራ ስወጣ ደወለች። "አባዬ፣ ዛሬ ልብህ ምን ሆነች? ትሮጣለች፣ ከዚያ ምት ትዘላለች፣ እንደገና ትሮጣለች። ስልኬ ቀይ ምልክት አወጣብኝ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ፣ በእናቴ አጥንት!"

በእናቷ አጥንት ስትለኝ ሄድኩ። ደረቴ ላይ ገመዱን ሁሉ ለጣጠፉብኝ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ ሐኪሙ አየና ልብህስ ምንም አልሆነም አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ! ደረጃውን ግማሽ ወርጄ ነው የገባኝ። የእኔ ልብ ደህና ከሆነች፣ የምትዘለው የማን ናት?

ቀጥታ ወደ ወዳጄ ቤት ሄድኩ። ልነግረው ነበር። ሰው ሞልቷል፣ እሱ እንደ ልማዱ ትራሱን ተደግፎ ይስቃል። አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ነግሬው ሐኪም ቤት ቢገባስ? አርፎ ቢተኛስ? ነገ ሰዓቱ ስምንት መቶ ይላል። ልጄ ታውቃለች። ያ ወረቀቷ ላይ ያለው ሁሉ የእኔ አለመሆኑን ታውቃለች። አዎ፣ ይህን ነው ያሰብኩት። ሌላ ያሰብኩት የለም፣ ለራሴ የማቀርበው ሰበብም የለኝም።

"እስቲ አንድ ቀን ሐኪም ታይ እንጂ፣ ዕድሜያችን እኮ ሄደ" አልኩት፣ እንደ ዋዛ።

"እኔ? እኔ እኮ ለሁለት ሰው የምሄድ ነኝ!" አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ልጄ የሐኪሙን ወረቀት በፎቶ ስልክላት እፎይ አለች። ሰዓቱ ነው የሚቀባጥረው ብላ ቀዩን ምልክት አጠፋችው። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። አሥራ አንድ ጠዋት ያንን ማሰሪያ እጁ ላይ አጠበቅሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ዛሬ እነግረዋለሁ አልኩ። አንድ ቀን የቢሯችን ደረጃ መሐል ላይ ቆሞ ደረቱን ያዘ። "ሙቀቱ ነው" አለ። "ሙቀቱ ነው" አልኩ እኔም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኃይለኛው የበረሃ ንፋስ መጥቶ ነበር፤ መስኮቱ በአቧራ ታውሯል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እኔ አየር ማቀዝቀዣው ሥር ተቀምጬ ሰነድ እሞላለሁ። ልጄ ደወለች።

"አባዬ! አባዬ፣ አለህ?"

"አለሁ፣ ምነው?"

ለቅሶዋን ለቀቀችው። "ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! ልብህ በጣም ሮጠች፣ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ። እኔማ ሞተ ብዬ..."

"አለሁ፣ እዚሁ ነኝ" አልኳትና ዘጋሁት። ወደ ወዳጄ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በሦስተኛው አንድ የማላውቀው ወዛደር አነሳውና በሶማልኛ፣ ባለ ስልኩ ኮንቴይነሮቹ መሐል ወድቆ ተገኘ፣ አሁን አምቡላንስ ወሰደው አለኝ። ልሮጥ ተነሳሁ። እግሬ ደንዝዟል፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀስኩማ! ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ፣ ትንሽ ሄድኩ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሐኪም ቤት ስደርስ አልቆ ነበር።

በዚያው ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ቃሬዛውን ሰው እየተቀባበለ በእግሩ ሲሄድ እኔ ሩቡን እንኳ ሳልሄድ ትንፋሼ ቆመ። አንድ ጎረቤት ክንዴን ይዞ መኪና ውስጥ አስገባኝ። ወዳጄን በመስኮት አየሁት፣ ከፊቴ ሲሄድ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሚስቱ ጠራችኝና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖረች። ሰዓቱ ነው። "ሐኪም ቤት ሰጡኝ" አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላና፣ "ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። አንተማ ሐኪም ታይ ብለኸው ነበር። እሱ ነው እምቢ ያለው" አለችኝ። አመሰገነችኝ እኮ! አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ልጄ ደወለች። ወዳጄ መሞቱን ነግሬያት ነበር፤ አለቀሰችለት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባዬ፣ ሰዓቱስ? ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አያሳይም" አለች።

እጄ ላይ ይዤዋለሁ። ከመሐረቡ ገና አላወጣሁትም።

"ተበላሽቷል" አልኳት።

"ይበላሽ! እንኳን አንተን አልሆነ! እኔ ሌላ እልክልሃለሁ። እስከዚያ ግን መሄድህን እንዳታቆም፣ እሺ አባዬ? ይኸው እኔም አሁን እየሄድኩ ነው።"

የእርምጃዋ ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

"እሺ" አልኳት፣ እንደተቀመጥኩ።