መንግሥት የከፈለለት ዝምታ

የአላስካ መንግሥታችን ደግ ነው። የመንደራችን መታጠቢያ ቤት ቦይለር የፈነዳ ጊዜ ዋና ከተማችን ጁኖ ድረስ ጻፍን፤ በጀት የለም አሉን፤ ግን እንዴት ባለ ትህትና መሰላችሁ። በረዶው እስኪያልፍ ድረስ በረዶውን ራሱን እያቀለጥን በሳፋ ታጠብን። በዚያው ዓመት ያው መንግሥት ከካዝናው ጠቀም ያለ ገንዘብ አውጥቶ «ብሩህ ሰሜን» ለሚባል ማኅበር ሰጠ። የማኅበሩ ሥራ ዋሽንግተን ሄዶ መወትወት ነው፤ ከተራራው ወዲያ ያለው የተከለለ ዱር ለነዳጅ ቁፋሮ ይከፈት እያለ። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ምስኪኖች ናቸውና ወትዋች የሚቀጥሩበት የላቸውም። እኛ ደረስንላቸው።

ከዚህ ሁሉ ቸርነት ለመንደራችን የደረሰው የዊልበር መቀጠር ብቻ ነበር።

ዊልበር የአጎቴ ልጅ ነው። አደን ሰፈር፣ ድንኳን ውስጥ ተወለደ። በጋ በጋውን የደን እሳት ከሚያጠፉት ጋር ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ አግብቶ ሚስቱ ወደ ፌርባንክስ ስትሄድ «ከተማ ይሰለቻታል፣ ትመጣለች» ብሎ ሁለት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቃት፤ ከተማው አልሰለቻትም። ቫዮሊን ይጫወታል፤ ሰው ለመደነስ ስለሚፈልግ ብቻ ይታገሰዋል። የሚከበረው ግን በአንድ ነገር ነበር፤ ጉብታው ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው።

በነሐሴ ካሪቡዎች፣ የበረዶ አገር አጋዘኖቹ፣ ጥጃዎቻቸውን ከወለዱበት ሜዳ ተነስተው፣ ተራራውን አቋርጠው ወደኛ ይወርዳሉ። ያ ሜዳ ነው እንግዲህ ይቆፈር የሚባለው። እኛ ረሃብ ገብቶ እንኳ እግራችን አይረግጠውም። መንጋው ሲመጣ ከፊት መሪዎች አሉት፤ መሪዎቹን አንነካም። እነሱ እስኪያልፉ ሞተር አይነሳም፣ እንጨት አይፈለጥም፣ ሕፃን ካለቀሰ እናቱ ይዛው ትገባለች። መሪዎቹ ደንግጠው ከዞሩ የኋላው ሁሉ አብሮ ይዞራል፤ እኛም ክረምቱን የቆርቆሮ ምግብ ስንከፍት እንከርማለን። መሪዎቹ አለፉ፣ አሁን ተኩሱ ብሎ እጁን የሚያነሳው ጉብታው ላይ ያለው ሰው ነው። ከአባቱ በኋላ ይህ ሰው ዊልበር ሆነ። ሌላ ሹመት አልነበረውም፣ ሌላም አልተመኘም። ያን ቦታ ቢያጣ ምን እንደሚተርፈው እንጃ።

ክሬግ የሚባለው የማኅበሩ ሰው በትንሿ አውሮፕላን የመጣው በሚያዝያ ነበር፤ አንድ ካርቶን ብርቱካን ይዞ። ያረፈው አክስቴ ሎቲ ቤት ነው። እሷ ብርቱካኑን ተቀበለች፣ ሻይ ቀዳችለት፣ ቋንጣ አቀረበችለት። ዊልበርና እኔም ነበርን።

«እናቴ፣ ማንንም ላስገድድ አልመጣሁም። የእናንተም ድምፅ ይሰማ ብዬ ነው» አላት።

«የኛማ ተሰምቷል። አይቆፈር ብለናል።»

«እሱ አንደኛው ድምፅ ነው።»

«ሌላ የለንም። ልትገዛልን ነው እንዴ?»

ክሬግ ሳቀና ወደ ዊልበር ዞረ። «አንተስ ወንድሜ፣ ጉብታው ላይ ያለኸው ሰው አንተ ነህ አሉኝ። ዋሽንግተንን አይተሃል?»

ዊልበር እንኳን ዋሽንግተንን ጁኖን አላየም። ግን ጉብታውን የሚያውቅ ነጭ ሰው አገኘና ደረቱ ተነፋ።

«እኔ የምናገረው ስለ ካሪቡ ብቻ ነው» አለ።

«እኛስ ሌላ ምን ፈለግን?»

አክስቴ ብርቱካኑን መላጥ አቆመች። «አንተ ዊልበር፣ ስማኝ። መንጋው ሳይመጣ ስለ መንጋው አፍ አይከፈትም። ለጉራ ደግሞ ጭራሽ። አባትህ አንድ ቀን አላደረገውም።»

«ኧረ አክስቴ፣ ዋሽንግተን ሆኜ ብናገር ካሪቡ ይሰማኛል?»

«ካሪቡ ባይሰማህ ሌላ የሚሰማህ አለ።»

ሄደ። እኛ በሳፋ ስንታጠብ እሱ በመንግሥት ወጪ ጠዋትና ማታ ሻወር ይወስድ ነበር፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለመንደራችን ንጽሕና አልዋለም ማለት አይቻልም። በዶቃ የተጠለፈ የቆዳ ሰደርያ አልብሰው የሚያነበው ወረቀት ሰጡት። ዊልበር ግን ወረቀት ማንበብ አይሆንለትም። አንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ውስጥ አንዲት ልጅ እግር ረዳት፣ «ካሪቡዎቹን ድምፅ አይረብሻቸውም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ክሬግ ክው አለ። ዊልበር ግን የሚያውቀው ጥያቄ መጣለትና ሁሉንም ዘረገፈው፤ መሪዎቹን፣ ዝምታውን፣ ጉብታውን፣ እጁን ሲያነሳ መንደሩ በሙሉ እሱን እንደሚያይ። «እስክጨርስ ማንም ስልኩን አልነካም» አለኝ ሲመለስ። ክሬግ ትከሻውን እየመታ አመስግኖታል።

«ጨረስኩላችሁ። ካሁን ወዲያ አይነኩትም» ብሎ ቤት ለቤት ዞረ።

እውነት ለመናገር ግማሻችን አምነነው ነበር። እኔ ራሴ ለእራት ጠርቼው የካሪቡ መቅኒ ሰብሬ አብልቼዋለሁ።

በሐምሌ የማኅበሩ ፊልም በቴሌቪዥን መጣ። አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበን አየነው። ዊልበር በዶቃ ሰደርያው፣ ከኋላው ተራራ፣ ዋሽንት የመሰለ ሙዚቃ። «የምድሪቱ ልጆች መሪዎቹ እስኪያልፉ ዝም ይላሉ» ይላል ድምፁ፤ «እኛም ከእነሱ ተምረናል።» ኩባንያዎቹ መሪዎቹ እስኪያልፉ ማሽናቸውን ያጠፋሉ፤ መሪዎቹ ሲያልፉ መልሰው ያስነሳሉ። ዕቅዱ የተነደፈው፣ ይላል ድምፁ፣ ከካሪቡ ጠባቂው ከዊልበር ጋር በመመካከር ነው። የጁኖ ምክር ቤታችን ለባህላችን በታየው አክብሮት ልቡ ስለተነካ ለማኅበሩ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ።

ከኋላ አንድ ሰው ጠየቀ። «እኛ መሪዎቹ ሲያልፉ የቀረውን እንተኩሳለን። እነሱም እንደኛ ካሉ የቀረውን ምን ሊያደርጉት ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዊልበር ዞረ።

«እኔ እንደዚህ አላልኩም» አለ ዊልበር።

«ብለሃል» አለች አክስቴ። «የሚጠቅማቸውን ቆርጠው ወሰዱ እንጂ የተናገርክስ አንተ ነህ።»

ከዚያ በኋላ የተቆጣው ሰው የለም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሱቅ ሲገባ ሰላም ይሉታል፣ ስለ ዝናቡ ያወሩታል። እኔ ግን በጣም ተናድጄበት ነበር፤ ክሬግ ላይ ያላወጣሁትን ንዴት ሁሉ እሱ ላይ አከማችቼ።

በነሐሴ፣ መንጋው ተራራው ላይ ታየ በተባለ ማግስት፣ ዊልበር እንደ ወትሮው ፔርሙዙን ይዞ ጉብታውን ወጣ። የአክስቴ የልጅ ልጅ ሩቢ ቀድማ ተቀምጣ ነበር፤ አቅራቢ መነጽሩ አንገቷ ላይ። ሂድ ያለው ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆሞ ወረደ፣ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ዝም አልን። መሪዎቹ አለፉ። ሩቢ እጇን አነሳች። ጥሩ ዓመት ነበር፣ መንጋው ሰብቷል። ዊልበር ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወጣም።

የመጀመሪያው ስጋ ማደን ለማይችል ቤት ነው የሚሄደው፤ ዓይናቸው ለጠፋ፣ አልጋ ለያዙ፣ ደጋፊ ለሌላቸው አሮጊቶች። አክስቴ ስታከፋፍል አንድ ወርችና አንድ ምላስ ለይታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ የዊልበር ነው።»

«እሱ እኮ ደህና ነው አክስቴ።»

«ውሰጂለት።»

ወሰድኩለት። በሩን ከፍቶ ስጋውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የአክስቴ ሥራ መሆኑ ገብቶታል። ንዴቴ ሁሉ ያኔ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

«እጄም እግሬም ደህና ነው» አለኝ። «ዓይኔም ያያል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ።»

«እነሱም ያውቃሉ ዊልበር» አልኩት።

ስጋውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ልክ ሽማግሌዎቹ እንደሚቀበሉት፣ አመሰግናለሁ ብሎ።