ያልጠራሁት ንጉሡ ሠ

የሰዋስው ፈተናውን አባዝቼ ለተማሪዎቼ ካደልኩ በኋላ ነው ስሕተቱን ያየሁት። ርእሱ ላይ በደማቁ «የሠዋስው ፈተና» ይላል። ሰዋስው የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው እንጂ በንጉሡ ሠ አይደለም። እኔ ደግሞ ቦንጋ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ በአንድ ፊደል ምክንያት ስንት ልጅ ላይ ነጥብ እንደቀነስኩ እነሱ ይናገሩ። ክፍል ውስጥ ማንም ልብ አላለውም። የመምህራን ማረፊያ ስገባ ግን ከጎጃም የመጣው የታሪክ መምህር አንዱን ወረቀት አነሣና ገና ከርእሱ ሳያልፍ ቀና አለ።

«አንተ፣ ሰዋስውን አነገሥከው እኮ» አለኝ።

ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም። የተወለድኩት ከቢታ ገነት ወዲያ ባለ መንደር ነው፤ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ከካፊኖኖ ሌላ ቋንቋ አላውቅም ነበር። ቋንቋን ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደሉን አጥብቆ ይይዛል። የታሪክ መምህሩ ሀሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ እንዳሻው ቢያቀላቅል የሚናገረው የለም፤ እኔ ስሳሳት ግን «ድሮስ!» የሚል የሚኖር ይመስለኛል። ማንም ብሎኝ አያውቅም፤ ብቻ ይመስለኛል።

ቤት ሄጄ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ አማርኛ በምንጽፍበት ዘዴ የኤስን ቁልፍ አንዴ ሲነኩት እሳቱን ሰ፣ ሁለቴ ሲነኩት ንጉሡን ሠ ያወጣል። ሰላም ብዬ ጻፍኩ፤ ሰላም ወጣ። ደገምኩት፤ ሠላም ወጣ። ሰው፣ ሰኞ፣ ሰማይ እያልኩ ቀጠልኩ። ከአምስት አንዱ ላይ ሳልጠራው ንጉሡ ሠ ከች ይላል። ኪቦርዱ አርጅቷል አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

እውነቱን ልናገር። የኤስ ቁልፍ የሚነካው በግራ እጅ ቀለበት ጣት ነው። ያ ጣቴ ደግሞ ከክረምቱ ጀምሮ የራሱ ሐሳብ ያለው ሆኖብኝ ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ምንም ሳልሠራ ጭኔ ላይ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ስመለከተው ይቆማል፤ ዓይኔን ሳነሣ ይጀምራል። አባቴም የጀመረው በግራ እጁ ነበር። ከዚያ ቀኙ፣ ከዚያ አገጩ። የመንደሩ ሰው «ጠጅ ነው» ይል ነበር፤ እሱ ግን ከበዓል በቀር የሚቀምስ ሰው አልነበረም። ውሃ ሲጠጣ ዋንጫውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ፤ ዋንጫው ጥርሱን ሲያንኳኳ ዛሬም ይሰማኛል። ሲጀምረው ዕድሜው ስንት እንደነበር አላውቅም። ጸጉሩ ግን ገና ጥቁር ነበር።

ስለዚህ የተበላሸው ኪቦርዱ መሆን ነበረበት።

ትምህርት ቤት ባለው ኮምፒውተር ሞክሬ በአንድ ደቂቃ መለየት እችል ነበር። እዚያ ስቀመጥ ግን በቀኝ እጄ ብቻ እጽፍ ጀመር፤ ግራዬን ኮት ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ራሴን አልጠየቅኩም። አዲስ ኪቦርድ ልገዛ ነው አልኩ እንጂ።

«ያለው ምን ሆነ?» አለች ባለቤቴ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሠራ ዕቃ ሲጣል አትወድም።

«አንዱን ምት ሁለት ያደርገዋል። ደግሞ ለጌሙም አይሆንም።»

የጌሙ ነገር ውሸት አልነበረም። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችን በአንድ ኪቦርድ የምንጫወተው ጌም አለ። ሁለት ትንንሽ ሰዎች ጎን ለጎን ይሮጣሉ፣ ጉድጓድ ይዘላሉ፣ መጨረሻ ላይ ወንዝ ይገጥማቸዋል። አንዴ ሲጫኑ ይዘላሉ፤ አየር ላይ እያሉ ደግመው ከተጫኑ ደግመው ይዘላሉ። ወንዙን የሚሻገረው ሁለተኛዋን ዝላይ በሰዓቷ የዘለለ ብቻ ነው። እሷ በቀኝ በኩል ባሉት ቀስቶች፣ እኔ በግራ በኩል ባሉት ፊደሎች ነበር የምንጫወተው። በአሮጌው ኪቦርድ ሁለታችን አንድ ላይ ስንጫን ይደናበርና የአንዳችንን ይረሳል። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ደግሞ የኔ ሰውዬ ሳላዘው ሁለቴ እየዘለለ ጉድጓድ ውስጥ ይገባ ጀመር። ልጄ መጀመሪያ ትሥቅብኝ ነበር፤ በኋላ መሣቋን ተወች።

«ሜካኒካል ይሻላል» አለችኝ። እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ ስፕሪንግ፣ የራሱ ስዊች ያለው ኪቦርድ ማለቷ ነው። ቦንጋ ያሉት ሱቆች የሚሸጡት ከሥሩ ላስቲክ የተነጠፈበትን ነው። እናም የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ዕቃ የሚለጥፉበትን ገጽ በስልኬ እየከፈትኩ መምረጥ ጀመርኩ።

ሁለት ወር መረጥኩ። ሰማያዊ ስዊች ያለው ሲነካ ጠቅ ይላል፣ ለጽሑፍ ይወደዳል። ቀዩ ለስላሳ ነው፣ ሳይነኩት የሚሄድ ይመስላል፣ ጌም የሚጫወቱ ይወዱታል። ቡኒው በመሐል ነው። ልጄ ቀዩን አለች። እኔ ቀዩን ፈራሁት፤ እንዲያ በቀላሉ የሚነካ ቁልፍ ላይ ይህ ጣቴ ምን እንደሚያደርግ አሰብኩ። ከባድ ስፕሪንግ ያለውን ፈለግሁ። ከዚያ ከባዱ ጣት ያደክማል የሚል አነበብኩ። ከዚያ ስንት ቁልፍ አንዴ እንደሚቀበል፣ ፊደሉ ቶሎ ይለቅ እንደሆነ፣ ሽቦው ይነቀል እንደሆነ። እጠይቃለሁ፣ እተወዋለሁ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ እጠይቃለሁ። ጠንቃቃ ሸማች ስለሆንኩ አልነበረም። እየመረጥኩ እስካለሁ ድረስ ጥፋቱ የኪቦርዱ እንደሆነ ይቆያል። አዲሱ ከመጣ ግን ማን እንዳጠፋ ይለያል።

አንድ ቀን አንዱ ነጋዴ መልእክት መመላለሱ ሰልችቶት ደወለ።

«ለጽሑፍ ነው ለጌም?»

«ለሁለቱም።»

«ለሁለቱም ሲሆን አንዱ ያመዝናል ጋሼ። እርስዎ በዋናነት ምን ይፈልጋሉ?»

«ሳልፈልግ የማይመታ።»

«ጣትዎ ምን ሆኖ ነው?» አለ፤ ሰውዬው ለሥራው ብሎ ነው የጠየቀው። ስልኩን ዘጋሁበት። መልሼ ስጽፍለት ኔትወርክ ነው አልኩት፤ ቡኒውን ላክልኝም አልኩት። እንደዚያ ነው የመረጥኩት፤ ሁለት ወር ሙሉ ያነበብኩት ሁሉ ምንም አልረዳኝም።

ዓርብ ከሰዓት መጣ። ከመናኸሪያው በዝናብ፣ ካርቶኑን በኮቴ ጠቅልዬ በባጃጅ ይዤው ገባሁ። ልጄ ከእጄ ተቀበለችኝ። «አንተ ልብስህን ቀይር፣ እኔ ላስተካክለው» አለችና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ስመለስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችኝ። ተቀመጥኩ። ሰላም ብዬ ጻፍኩ። ሰው፣ ሰኞ፣ ሰማይ፣ ሰንበት። አንድ ገጽ ሞላሁ። አንድም ንጉሡ ሠ የለም። ተነሥቼ ልጄን ግንባሯን ሳምኳት፤ ከዚያ ስለ ቁልፎቹ ድምፅ ማውራት ጀመርኩ።

ያቺ ሳምንት ደስ ትል ነበር። ምግብ ጣፈጠኝ። የታሪክ መምህሩን ራሴ ቀደም ብዬ ነካሁት፤ የሱን ፈተና ወስጄ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቴ ጭኔ ላይ ሲንቀሳቀስ ድካም ነው እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የሥራ ዕቅድ» ብዬ ጽፌ ሳነበው «የስራ ዕቅድ» ሆኖ አገኘሁት። ሥራ በንጉሡ ሠ ነው። ቸኩዬ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቅዳሜ ደግሞ ልጄን ለጌሙ ስጠራት «እሱማ ሰለቸኝ፣ የመኪናውን እንጫወት» አለች። የምትወደው ጌም ነበር። ልጅ አይደለች እንዴ፣ ቶሎ ይሰለቻታል አልኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እሷ ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ ብቻዬን ከፈትኩት። የኔ ሰውዬ ሮጠ፣ ጉድጓዶቹን ዘለለ፣ ወንዙ ጋ ደረሰ። አንዴ ዘለለ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ዝም። ወንዝ ውስጥ ገባ። እንደገና አስነሣሁት፣ እንደገና ገባ። አሥር ጊዜ አሰጠምኩት። ቁልፉ ሁለተኛውን ምት አይቀበልም። በንዴት ኪቦርዱን ነቅዬ ካርቶኑ ውስጥ መልሼ፣ ለነጋዴው ከመመለሴ በፊት ይታይልኝ ብዬ ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ሰው ሄድኩ። ንዴቱ ራሱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በኪቦርድ መናደድ ቀላል ነው።

ጠጋኙ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። እያንዳንዱን ቁልፍ ሁለት ሁለቴ ነካ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለቴ መለሰለት።

«ምንም አልሆነም መምህር። ይኸው፣ ራስዎ ይሞክሩት» ብሎ አማርኛውን ከፈተልኝ።

ሐሳቤ ሁለተኛው ምት ላይ ስለነበር አልተጠነቀቅሁም። ግራ እጄን ከኪሴ አወጣሁና እንደ ልማዴ ሰላም ብዬ ጻፍኩ። ሠላም አለ። ደገምኩት። ሠላም። ጠጋኙ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ እጄን አየ፤ ከዚያ ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ።

«ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር በርቶ ይሆናል» አለኝ ቀና ሳይል። «ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ከተነካ ሁለተኛውን እንዳይቆጥር የሚያደርግ አለ።»

«ምን ይሠራል እሱ?»

«እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ነው» አለ። «እርስዎ ካላበሩት ቤት ያለ ሰው አብርቶት ነው።»

ቤቴ ኮምፒውተር የሚነካ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ባጃጅ አልያዝኩም። ካርቶኑን በብብቴ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ፈራሁ። አባቴ ምን እንደሆነ አይቻለሁና የሚመጣውን ለመገመት ሐኪም አያስፈልገኝም ነበር። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ኀፍረቱ ባሰብኝ። እኔ ለራሴ ለመናገር ሁለት ወር ያልቻልኩትን ነገር ያቺ ልጅ ብቻዋን ይዛው ትዞር ነበር፤ የምትወደውን ጌም ሰለቸኝ ብላ ትታልኛለች፤ እኔ ደግሞ ግንባሯን ስሜ ስለ ቁልፍ ድምፅ ሳወራላት አዳምጣኛለች።

ስገባ ከጓደኛዋ ዘንድ ተመልሳ ደብተሯን ዘርግታ ነበር። ካርቶኑን ስታይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አንቺ ነሽ ያበራሽው?» አልኳት።

አልካደችም። «ተናደድክብኝ?»

«አልተናደድኩም። መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጌም ስንጫወት። የኔን ሰው ትቼ የአንተን እጅ አይ ነበር።» ደብተሯን አጠፈችና «ኪቦርዱ ነው እያልክ ስትፈልግ ነበር። ኪቦርዱ እንዲሆንልህ ፈልጌ ነው» አለች።

«እኔም» አልኳት። «ለእናትሽ ነግረሻታል?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «አንተ ትነግራታለህ ብዬ ነው። ግን አልነገርካትም» አለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ባለቤቴ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ከበሩ ሆኜ ጠራኋት። እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ገባች፤ ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርቶን አየች።

«ምነው፣ አዲሱም ተበላሸ?» አለች።

ግራ እጄን ከኪሴ አውጥቼ ከካርቶኑ አጠገብ፣ ልታየው በምትችልበት ቦታ አስቀመጥኩት።

«ኪቦርዱ ደህና ነው» አልኳት።