የልጄ ሦስት ካሜራዎች

ልጅሽ ምንድን ነው የምትሠራው ሲሉኝ መልሱ ይቸግረኛል። የሌሊት ወፍ ትከታተላለች ልበል? ያን ሁሉ ዓመት አስተምረናት፣ ይኸው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግቢ ቆማ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

ወፎቹ የሚወጡት ከእኛው ጣሪያ ሥር ነው ብላ ሦስት ካሜራ በሦስት ብረት ላይ ግቢዬ ውስጥ ተከለችልኝ። ከዚያ ወዲህ ግቢው የእኔ አይደለም። አንድ ቀን ቦታ ባጣ የልብስ ገመዴን ከአንዱ ብረት ጋር ባስረው፣ አገር ይያዝልኝ አለች። ለካ ብረቱ ትንሽ ከተነቃነቀ የሳምንቱ ልኬት ሁሉ ገደል ይገባል። እርጥብ አንሶላ ታቅፌ እንደ ተከሳሽ ቆምኩላት፣ ያውም በገዛ ቤቴ።

ካሜራዎቹ አንዱ የሌላውን ቦታ እንዲያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ጫፉ ላይ ኳስ ያለበት ዱላ ይዞ ግቢውን እየዞረ ማወዛወዝ አለበት። ይህን የሚሠራላት አባቷ ነው። ባሌ የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ነው፤ የሰፈሩን ልጆች ጠዋት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። ያ ኮስታራ ሰውዬ ከሥራ ገብቶ ዱላ ሲያወዛውዝ ጎረቤት በአጥር ያየዋል። ምን ነካው ይሉኛል። ተዉ ብላቸውም አባትና ልጅ ናቸው፣ ማን ይሰማኛል?

ባለፈው ከሦስቱ ሁለቱ ካሜራዎች ተበላሹ። ልጄ እራት ላይ ስታማርር አመሸች። በአንድ ካሜራ ወፏ በየት በኩል እንዳለች ይታያል፣ ቅርብ ትሁን ሩቅ ግን አይታወቅም አለችን። ቢያንስ ሁለቱ ከተለያየ ቦታ ሊያዩዋት ይገባል። እሺ፣ አሁን ብዪ በቃ፣ አልኳት። ባሌ ከጆጉ ውሃ ቀዳ። የቀዳው ግን ብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰሞኑን እንዲህ ሆኗል፤ ኮፍያውን ሚስማር ላይ ሰቀልኩ ብሎ መሬት ይጥለዋል። እጅህ ምን ሆኗል አንተ ሰውዬ፣ ብዬ ጨርቅ ይዤ ስመለስ ልጄ ትክ ብላ ታየዋለች።

«አባዬ፣ እስቲ ቀኝ ዓይንህን ሸፍን» አለችው።

ምግብ ላይ የምን ጨዋታ ነው ብሎ ተቆጣ። አልተወችውም። እያጉረመረመ ሸፈነ። ጣቶቿን ዘርግታ ስንት ናቸው ስትለው «የምን ጣት?» አለ። ግራው ከጠፋ ሰንብቷል ለካ። በራሱ ጊዜ ይገለጣል ብዬ ነው አለን፤ ደግሞም በአንዱ በደንብ አያለሁ፣ እስከ ዛሬ ማንንም አልገጨሁም።

ደሜ ፈላ። እነዚያን ሕፃናት ጭኖ! እኔስ? ለሚስት አይነገርም?

ልጄ አልጮኸችም። «የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ፣ አባዬ» አለችና መዳፏን ዘረጋች።

ቤት መዋል ለእሱ ሞት እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ ተከራከራት። የልጆቹን ነገር ስታነሳበት ግን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ቁልፉን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖራለሁ ብሎ ለቀቀው። ከእጇ ወዲህ መሬት ላይ ወደቀ።

ሊያነሳው ሲጎነበስ እኔም ጨርቄን ጥዬ አብሬው ጎነበስኩ።