ዳዊ የሚደውልባቸው ሳምንታት

ጽገረዳ ሮም፣ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከትራሙ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ፣ ሲኞራ ኔላ የሚባሉ የዘጠና ዓመት ባልቴት ታስታምማለች። እዚያው ታድራለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ምሽት ላይ ደግሞ ቴሌቪዥን አብራቸው ታያለች። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የራሷ ናቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እዚያም ልጅ አላት ወይ ብሎ ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ፣ «አለኝ፣ አውስትራሊያ ነው» ትላለች። ሰዉ «ታድለሻል» ይላታል።

ልጇን ዳዊን ጥላው የወጣችው አራት ዓመት እንደሞላው ነው። በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ፣ ባሕሩን ተሻግራ ጣሊያን ስትገባ፣ ሐሳቧ ወረቀት እንዳገኘች ልታስመጣው ነበር። ወረቀቱ ግን ዘገየ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሮም ዳር፣ ፖንቴ ማሞሎ በሚባል ቦታ፣ በኋላ ከፈረሱት የጣውላና የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ ኖረች። ልጅ ይዘው የሚገቡበት ቤት አልነበረም። በዚያ መሐል ልጁን አዲስ አበባ ታሳድግላት የነበረችው እህቷ ዓይናለም፣ ባሏ ወዳለበት ወደ ሜልቦርን መሄጃዋ ደረሰ።

«የራሴ ልጅ ነው ብዬ ልውሰደው» አለቻት ዓይናለም በስልክ። «አንቺ ስትደላደዪ ትወስጂዋለሽ። እዚህ ለማን ልተወው?»

ጽገረዳ እሺ አለች። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ በእጇ ሲገባ፣ ዳዊ በወረቀት የዓይናለም ልጅ፣ በዜግነትም አውስትራሊያዊ ሆኖ ነበር። ዓይናለምን «ማሚ» ይላል፣ እሷን ደግሞ ሁሉም እንደሚጠራት «ጽጌ»። ልጇን ለማየት ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠየቀች፤ ሁለቴም ተከለከለች።

በስልክ የሚነጋገሩት ዓይናለም ስታስገድደው ብቻ ነበር። «ና፣ ጽጌን ሰላም በላት» የሚለው ድምፅ ከሩቅ ይሰማታል። ከዚያ ዳዊ ይመጣል።

«ሃይ። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። አንተስ?»

«ደህና።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምታ ነው። አማርኛው ትንሽ ነው፤ የሷ እንግሊዝኛ ከሱ አማርኛም ያነሰ። ደግሞም ቋንቋው ቢኖርስ ምን ያወራሉ? እሷ የምታስታውሰው የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፁ የጎረነነ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት።

አንድ ነሐሴ ላይ፣ ደውላ እንደተለመደው ዝም ሲል፣ ከኋላው የብዙ ሰው ጩኸት ሰማች።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለችው።

«ፉቲ ነው።»

«እግር ኳስ?»

ሳቀ። ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበር። «አይደለም። እግርም አለ፣ እጅም አለ። ኳሱ እንቁላል ነው የሚመስለው።»

እንዴት ነው ታዲያ የሚሸናነፉት ብላ ጠየቀችው። አራት ቋሚ አለ፣ በመሐለኞቹ ካለፈ ስድስት ነጥብ፣ በዳርና በዳሩ ካለፈ አንድ ነጥብ ነው አላት። ሜዳው እንደ ኳሱ ሞላላ ነው፣ ሰዉ ሌላው ትከሻ ላይ እየወጣ ኳስ ይቀልባል። አማርኛው ሲያልቅበት በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፣ እሷም የገባትን ያህል «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ልጇ ያን ያህል ጊዜ አዋርቷት አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽገረዳ የዳዊን ቡድን መከታተል ያዘች። ዳዊ በኢንተርኔት ጨዋታ የሚያይበትን የይለፍ ቃል ላከላት። ሜልቦርን ሲመሽ ሮም ገና ረፋድ ነውና፣ ሲኞራን ቁርስ አብልታ፣ ስልኳን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፋ ታያለች። ሲኞራ ኔላም ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው አብረዋት ያዩና፣ «እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው የሚደባደቡት?» ይላሉ።

ያን ዓመት ቡድኑ ቀንቶት ነበር። መደበኛው ውድድር ሲያልቅ ዳዊ ራሱ ደወለ። ማንም ሳያስገድደው ሲደውል የመጀመሪያው ነው።

«ፋይናልስ ገባን» አላት። «አስራ ስምንት ቡድን አለ። ስምንቱ ፋይናልስ ይገባል። አስሩ ሆሊደይ ይሄዳል።»

«እኛ ስንተኛ ነን?» አለች ሳታስበው።

«አራተኛ። ከአንድ እስከ አራት ከሆንሽ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ብትሸነፊ አትሞቺም፣ ሌላ ዕድል ይሰጥሻል። ከአምስት እስከ ስምንት ከሆንሽ ግን አንዴ ከተሸነፍሽ በቃ፣ ወደ ቤት።»

ደግሞ አስረዳት። ፋይናልሱ አራት ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከላይኞቹ አራት ያሸነፈ አንድ ሳምንት አርፎ ሦስተኛው ላይ ይጫወታል። የተሸነፈው አያርፍም፣ በሁለተኛው ሳምንት ከታች ከተረፉት ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ጥሎ ማለፍ ነው። መጨረሻው ግራንድ ፋይናል፣ የዋንጫው ጨዋታ። በደረጃ የበለጠው በሜዳው ይጫወታል፣ ሌላው ከነደጋፊው ይጓዛል።

ጽገረዳ ይህን ሁሉ ይዛ አደረች። ስታሰላው አንድ ነገር ገባት። ቡድኑ መጀመሪያ ካሸነፈ አንድ ሳምንት ያርፋል፤ ዳዊም አይደውልም። ከተሸነፈ ግን በየሳምንቱ ይጫወታል። በየሳምንቱ ይደውላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ በሌላ ከተማ ነበር። ዳዊ ከጓደኞቹ ጋር በደጋፊዎች አውቶቡስ ሄደ። ተሸነፉ። ጽገረዳ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ውጤቱን ስታይ መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነው፤ ወዲያው አፈረች። ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ዳዊ ሲደውል ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

«አልሞትንም» አላት።

«አዎ፣ አልሞትንም» አለችው።

የሚቀጥለው ጨዋታ የዕንቁጣጣሽ ሰሞን፣ በሜዳቸው ሆነ። የክለቡ አባላት ቲኬት ቀድመው ይገዛሉ፤ ዳዊም አባል ነውና ገባ። በጥቂት ነጥብ አሸነፉ። ከስታዲየሙ ወጥቶ ደወለላት፤ ሰዉ መንገዱን ሞልቶ የክለቡን መዝሙር ይዘምራል። «ስሚ» አለና ስልኩን ወደ ሰዉ ዘረጋው። ከዘፈኑ መሐል አንድ ጓደኛው በእንግሊዝኛ ማን ነው ሲለው ሰማች።

«ማይ ማም» አለ ዳዊ። «ሮም ናት።»

ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ አላስፈለጋትም። ሲኞራ ኔላ ፊቷን አይተው «ምን ሆንሽ?» ቢሏት «ምንም፣ ሲኞራ፣ አሸነፍን» አለች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጨዋታው በፊት፣ ለዓመታት አፏ ላይ ሲመላለስ የኖረውን ተናገረች። «ዳዊ፣ አንድ ቀን ወደዚህ አትመጣም?»

«ዋንጫውን ካነሳን እመጣለሁ» አለ እየሳቀ። «ፕሮሚስ።»

እሷ አልሳቀችም። ያንኑ ዕለት ለሲኞራ ነገረቻቸው። «አሎራ፣ እንግዲያውስ የኋለኛውን ክፍል ስጪው» አሉ ሲኞራ። «ጣሊያንኛ ይችላል?» በክፍሉ የተከመረውን አሮጌ ዕቃ አወጣች፣ መስኮቱን ወለወለች፣ አዲስ አንሶላ ገዝታ አነጠፈች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልጄ ሊመጣ ነው ብላ ተናገረች። ሴቶቹ ተራ በተራ አቀፏት።

ሦስተኛውንም አሸነፉ። ቀሪው የዋንጫው ጨዋታ ብቻ ሆነ። ስታዲየሙ መቶ ሺህ ሰው ቢይዝም ለሁለቱ ክለቦች አባላት የሚደርሰው ከፊሉ ነው፣ ለሱ ዓይነቱ አባል በዕጣ ነው አላት ዳዊ። ዕጣው አልወጣለትም። ከጓደኞቹ ጋር መናፈሻ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ሊያይ ነው።

ቀኑ የመስቀል ሰሞን ቅዳሜ ነው። ሮም ላይ ጨዋታው የጀመረው ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ገደማ፣ ሲኞራ ገና ተኝተው ሳለ ነው። ጽገረዳ ነጠላዋን ደርባ ወጥ ቤት ተቀመጠች። የመጀመሪያው ሩብ እኩል እኩል ነበር። በሁለተኛው ኳሱ ከዳርና ዳር ቋሚዎቹ መሐል እየሾለከ አንድ፣ አንድ ነጥብ ብቻ ይለቅምላቸው ጀመር፤ ሌሎቹ በየመጡበት ስድስት ያገባሉ። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ ልዩነቱ የሚደረስበት አልነበረም። ካሜራው ፊታቸውን የተቀቡ ደጋፊዎች አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ያሳያል። በስታዲየሙ እንደሌለ እያወቀች፣ ከሚወጡት መሐል ዳዊን ትፈልግ ነበር። እስከ መጨረሻው ደቂቃ አየች። ከዚያ ሲኞራን ቀስቅሳ አጠበቻቸው።

ስልኩ አልጮኸም። እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤታቸው ስትደውል ዓይናለም አነሳች።

«ከጓደኞቹ ጋር ወጥቷል። ዛሬ ተይው፣ ጽጌ፣ ሲሸነፉ እንዲህ ነው፣ እኛንም አያናግረን።»

ከቀናት በኋላ በስልክ አገኘችው።

«አይዞህ ልጄ» አለችው። «ሁለተኛ መውጣትም ቀላል አይደለም።»

«ግራንድ ፋይናል ላይ ሁለተኛ የለም።»

«እሱማ ገብቶኛል» አለች። «ክፍልህን ግን አዘጋጅቼልሃለሁ። ሲኞራም ፈቅደውልኛል።»

«የምን ክፍል?»

«እዚህ ስትመጣ የምትተኛበት። ዋንጫው ቢቀርም፣ መምጣቱ ግን ...»

የዳዊ ድምፅ የተቆጣ አልነበረም፤ ያዘነላት ይመስል ነበር፣ ያም ባሰባት። «ጽጌ፣ እሱ እኮ ቀልድ ነበር። የገባሽ መስሎኝ።»

«ገብቶኛል» አለች። «ገብቶኛል፣ እኔም እንዲያው ነው።»

«ሶሪ። ሥራ አለኝ፣ ደግሞ በጣም ሩቅ ነው።»

«አውቃለሁ። ሩቅ ነው።»

እሑድ ሴቶቹ መቼ ነው የሚገባው ብለው ሲጠይቋት፣ ሥራ ይዞት ነው አለች። ቀጥሎ ያለውን እሑድ ቤት ዋለች።

በብርዱ ወራት ሁሉ ዳዊ አልደወለም። በመጋቢት አዲሱ ውድድር ሲጀመር ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ቡድኑ መሸነፍ ሲያበዛ እሱም ተወ። ጽገረዳ ግን አንድም ጨዋታ አላለፋትም። የደረጃ ሰንጠረዡን ማንበብ ለምዳለች፣ ስንት ቢያሸንፉ ስምንተኛ እንደሚሆኑ፣ ማን ቢሸነፍላቸው እንደሚበጃቸው ታውቃለች። አራተኛ መሆኑን ትታው ነበር። ስምንተኛም ይበቃታል፤ አንድ ሳምንት፣ አንድ ስልክ።

ዕድላቸው እስከ መጨረሻው ጨዋታ ቆየ። ያን ካሸነፉ ይገቡ ነበር፣ ተሸነፉ። እሷው ደወለች።

«ዘንድሮ የለም» አለ ዳዊ።

«አየሁት። ያ አጥቂያችሁ እግሩን ባይጎዳ ኖሮ ...»

«አዎ።»

«እንግዲህ ሌላ ነገር እናውራ» አለችው።

«ስለ ምን?»

ጽገረዳ አሰበች። ምን እንደሚበላ፣ ሴት ጓደኛ ይኑረው አይኑረው፣ ሲያመው ማን እንደሚያስታምመው አታውቅም። ከየትኛው መጀመር እንዳለባት ጠፋት። ዳዊም ጠበቃት፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ጠበቃት።

«ሲኞራ ጠሩኝ» አለች በመጨረሻ። ሲኞራ አልጠሯትም ነበር።

«እሺ ጽጌ። ቻው።»

መስከረም ላይ ሌሎቹ ስምንት ቡድኖች ተጫወቱ፤ እሷ አላየችም። በጥቅምት ዓይናለም ደውላ፣ ዳዊ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ መሄዱን፣ ስልኩንም መቀየሩን ነገረቻት። አዲሱን ቁጥር እልክልሻለሁ አለቻት። ጽገረዳ ሁለት ጊዜ አስታወሰቻት፤ በሦስተኛው ለማስታወስ አፈረች።