ለወፍ የታጠረው አሸዋ

ከኦክላንድ ማዶ ያለችውን የደሴት ከተማ የባሕር ዳርቻ ከጥፋት ያዳንኩት እኔ ነኝ። ያውም ብቻዬን። ውቅያኖሱ እኔን ሲያይ ወደ ኋላው ይሸሻል ብትሉም አልከራከርም። እርግጥ እኔ የቆምኩት ውቅያኖሱ ሳይሆን ባሕረ ሰላጤው ዳር ነው። ሥራዬም ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ የቺፕስ ከረጢት መልቀም ነው። በነፃ የሚሠራ ቮለንቲር የሆንኩትም ለተፈጥሮ ተቆርቁሬ አይደለም፤ ሐኪሜ ወይ ተራመድ ወይ መድኃኒት እጨምርልሃለሁ ስላለኝ ነው።

ሳን ሆዜ መጋዘን ውስጥ ሺፍቴን ጨርሼ፣ በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ትራፊክ ተጎትቼ ስደርስ ግማሽ ሰውነቴ ተኝቷል። ከተማው አሸዋ በጀልባ አስጭኖ ያፈስሳል፣ ነፋሱ ይወስደዋል። እኛ ቮለንቲሮቹ አሸዋውን የሚይዝ ሣር እንተክላለን፣ ሰው ይረግጠዋል። እንዳይረግጠው ገመድ እንወጥራለን፣ ልጆች ገመዱን ዥዋዥዌ ያደርጉታል። እኛም እንደገና እንወጥራለን።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከጡጫ የማትበልጥ አንዲት ወፍ መጣች። እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ አሸዋ ላይ ነውና፣ ከአሸዋው ጉብታ ሥር ያለው ቦታ በሙሉ ይታጠር ተባለ። ችግሩ፣ እዚያ አደይ አሉ።

አደይ የምላቸው ምጽዋ ተወልደው አዲስ አበባ ልጆች ያሳደጉ ኤርትራዊት እናት ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። በምጽዋ ቁርጥማት ያለበት ሰው እግሩን ትኩስ አሸዋ ውስጥ ይቀብራል። እሳቸውም ነፋስ የማይነካትን፣ ፀሐይ የምታሞቃትን አንዲት ጥግ እዚያ ጉብታ ሥር አግኝተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ጭናቸው ተቀብረው ይውላሉ። አፓርታማቸው ሊፍት የለውም፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃውን የሚወጡት በዚያች አሸዋ ብርታት ነው።

መሪያችን ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት መምህርት ናት። ቋንቋቸውን የምታውቅ አንተ ነህና ሌላ ቦታ እንዲፈልጉ ንገራቸው አለችኝ። ሄድኩ። ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኳቸው፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ዋናውን ነገር ልጀምር ስል ፀሐዬን አትጋርደኝ፣ ይልቅ በያዝከው አካፋ እዚህ ጋ ጨምርልኝ አሉኝ። ጨመርኩላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄጄ ጨመርኩላቸው። ለመሪያችን ጉዳዩ በድርድር ላይ ነው አልኳት። እንዲህ ያለ ረጅም ድርድር በመንግሥታት መካከልም ተደርጎ አያውቅም።

አጥሩ በሚተከልበት ቀን ችካሎቹን ተሸክሜ ፊታቸው ቆምኩ። አደይ ችካሎቹን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

"ለማን ነው?"

"ለወፍ ነው፣ አደይ። እንቁላል ልትጥል ነው።"

"እና ይህን ለመንገር ነው ይህን ሁሉ ቅዳሜ አሸዋ ስታለብሰኝ የከረምከው?"

ጥጓን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጓት።

"ለአራስ ቦታ ይለቀቃል" አሉ። "በል ደግፈኝ።"

ከአጥሩ ውጭ የቀረው ወደ ውኃው የተጠጋው አሸዋ ነው። እርጥብ ነው፣ ነፋስም አለው። ጉድጓድ ቆፈርኩላቸውና ቀበርኳቸው። እንደ ድሮው አይሞቅም አሉ፤ ግን ከምንም ይሻላል። አሁን ደረጃውን የሚወጡት መሐል ላይ ቆመው እያረፉ ነው። አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ ውኃው ሲሞላ ንገረኝ፣ እኔ ትንሽ ላሸልብ ሲሉኝ፣ እኔ እያለሁ ምን ያሰጋዎታል አልኳቸው።

ውኃው መጣ። ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም ነበር። እኔ ግን ውኃ እፈራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ፣ ዋናም አልችልም። አልቀሰቀስኳቸውም። እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ሮጥኩ። አደይ በእጃቸው ቆፍረው ወጡ፤ አካፋውን ይዤው ሮጬ ነበር።