ቀዩ ክር በጓዳው ግድግዳ ላይ

በዚህ ክረምት በእጄ ላይ ሦስት ሥራ ነበረኝ። አንዱ የባለቤቴ ግራጫ ሹራብ ነው፤ ገላው አልቆ አንድ እጅጌ ቀርቶት ነበር። ሁለተኛው ልጄ ለምትወልደው ልጅ የጀመርኩት አረንጓዴ የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። ሦስተኛው መርፌ ላይ አልነበረም። ደሴ ባለው ቤቴ ጓዳ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ በሁለት ምስማር መሐል የወጠርኩት ስንዝር ተኩል የማይሞላ ቀይ ክር ነው። ከሁለቱ ይልቅ እሱን ሳይ ነው የከረምኩት።

ሽማግሌ ሹራብ ይሠራል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ይሠራል። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ነው ያረጀሁት። አብሮኝ ይጠብቅ የነበረው ሰው፣ አላህ ይርሐመውና፣ ከጃንጥላ ሽቦ ሁለት መርፌ ስሎ ሰጠኝ። "እጅህን ሥራ አስይዘው፤ አለዚያ እንቅልፍ ይይዘዋል" አለኝ። ያን ጊዜ ፊደል እንኳ በወጉ አልለይም፤ ሹራቡ ቀደመ። ዛሬም ከምጽፈው መስመር ይልቅ የምሠራው ሹራብ ቀጥ ይላል።

ክር ከሱቅ አልገዛም። ሰልባጅ ተራ ሄጄ የፈረንጅ አሮጌ ሹራብ እገዛና እተረትረዋለሁ። ሻጮቹ ያውቁኛል። "አባት፣ ይሄ እኮ የኮረዳ ሹራብ ነው፤ ለማን ሊወስዱት ነው?" እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ ጫፉን በክብሪት ለኮስ አድርጌ አሸታለሁ። የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተኝ እውነተኛ ሱፍ ነው፤ እንደ ላስቲክ ከቀለጠ እዚያው እጥልለታለሁ። ቀዩን ክር እንዲህ ነው ያገኘሁት። በጣም ስለወደድኩት ሥራ ላይ ሳላውለው ቆየ።

ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገቱ ላይ ነው። ጭቃ ቤት ነው፤ እንጨቱን ያቆምኩት፣ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ከጀርባው አፈሩ ተቆርጦ እንደ ግንብ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ ባሕር ዛፍ ነው። ከእኛ ዝቅ ብላ ጎረቤታችን አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የምትውል ሴት። እሷ ክርስቲያን ነች፣ እኛ እስላሞች ነን። አጥሩ መሐል ያለችውን በር ማን እንደከፈታት ሁላችንም ረስተነዋል። ሹራቤን ስታይ "የዘበኛ እጅ!" ትላለች። እኔም "የጥጥሽ ብናኝ ዓይኔን አጠፋው" እላታለሁ። እንዲህ ስንባባል ነው ያረጀነው።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ከቤቱ ጀርባ ምንጭ ፈለቀ። በኖርንበት ዘመን ውኃ አይተንበት የማናውቅ ቦታ ነው። ባለቤቴ ልብስ ማጠቢያ ቀረበልኝ ብላ ደስ አላት። ከዚያ የጓዳው በር ይይዝ ጀመር። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ነው ብዬ በመላጊያ ላግሁት። ደግሞ ያዘ፤ ደግሞ ላግሁት። ከላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ወደ ቤቱ ያጎነበሱ መሰለኝ፤ ነፋስ ነው አልኩ። ከዚያ በጓዳው ግድግዳ ላይ ከጣራው እስከ ወለሉ ስንጥቅ ወጣ።

ብርድ እንዳያስገባ የክር ቁርጥራጭና ያልሆነልኝን ሹራብ እየቀደድኩ ጠቀጠቅሁበት። ብዙም ሳይቆይ የጠቀጠቅሁት ወደ ውስጥ ገባና ክፍተቱ ታየ። ሌላ ጨመርኩ። እሱም ገባ።

"አንቱ ሰውዬ፣ ይሄ ግድግዳ ክር ይበላል እንዴ?" አለች ባለቤቴ።

"አይጥ ነው። ለጎሬው እየጎተተው ነው።"

"እኔ በዚህ ቤት አይጥ አይቼ አላውቅም።"

"አንቺን አስፈቅዶ ኖሯል የሚገባው?"

ወጥመድ አጠመድኩ። ምንም አልያዘም። ብልጥ አይጥ ነው አልኩ።

ልጃችን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ሴት እናቷ ቤት መጥታ ነው የምትታረሰው፤ እኛ ዘንድ ወጉ ይሄ ነው። ለአራስ የሚሆነው ደግሞ ጓዳው ነው፤ ይሞቃል፣ ከሰው ዓይንም ይርቃል። አልጋው የሚገባው ከዚያው ከተሰነጠቀው ግድግዳ ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። እናቷ ስለ ስንጥቁ በስልክ ነገረቻት። ስልኩን ተቀበልኩ።

"አባባ፣ እናንተ ወደ እኔ ውረዱ። እዚሁ ልውለድ።"

"ኮምቦልቻ? በዚያ ሙቀት ሹራቤን ማን ይለብስልኛል?"

"ሰው ስለ ግድግዳ ሲያወራ እርስዎ ስለ ሹራብ!"

"ግድግዳውን እኔ ነኝ የሠራሁት። አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው አንድ ባለሙያ ይየው።"

"የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ!"

ስልኩን ለእናቷ እንድመልስ ጠየቀችኝ። "እሺ፣ ጠባቂ አቆምለታለሁ" አልኳት።

ስንጥቁን መሐል አድርጌ ግራና ቀኝ ምስማር መታሁ። ያን ቀይ ክር አወጣሁና ከአንዱ ወደ አንዱ ወጥሬ ቋጠርኩት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ክሩ ይበጠሳል፤ ካልተበጠሰ ቤቱ ቆሟል። ሱብሒ ሰግጄ ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ሆነ። ልጄም በየቀኑ ትደውላለች።

"አባባ፣ ክሩስ?"

"አለ።"

"አልተበጠሰም?"

"ወላሂ አልተበጠሰም።"

እውነቴን ነበር።

ወሯ ሲገባ መጣች። እግሯ አብጦ ነበር፤ ከሚኒባስ ስትወርድ ሁለት ሰው ደገፋት። ጓዳ ገብታ መጀመሪያ ያየችው ክሩን ነው። "እሱን አምኜ ነው የመጣሁት" አለችኝ እየሳቀች። አልጋውን ዘረጋንላት። ራሷን ወደ ስንጥቁ አድርጋ ትተኛለች። አንድ ሁለት ጊዜ "ግድግዳው ውስጥ አፈር ሲፈስ እሰማለሁ" አለች። "አይጡ ነው" አልኳት። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አረንጓዴውን ብርድ ልብስ እሠራለሁ። ክሩ አለ፤ ምን አስጨነቀኝ?

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ለገንፎ የሚሆን ዱቄት ይዛ መጣች። ልጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀዩን ክር አየችው።

"አያ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ለግድግዳው ማተብ አሰርክለት?"

"ጠባቂ ነው። ከተበጠሰ እንወጣለን።"

ጠጋ ብላ በጥፍሯ መታ አደረገችው። ክሩ እንደ ክራር ጮኸ። ስወጥረው እንዲህ አልነበረም።

"ሱፍ ነው?" አለች።

"ሱፍ ነው።"

"ሱፍ ይለጠጣል እኮ፣ አያ! የሱፍ ሹራብ ከገላ ጋር ይሰፋል እያልክ የምትመጻደቅብኝ አንተ አይደለህ እንዴ?"

ቀረብ ብዬ ሳየው ክሩ ቀጥኗል። ለስላሳ ጠጉሩ ሁሉ ተኝቶ እንደ ሽቦ ሆኗል። በየቀኑ ሳየው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀጥኖ ኖሯል፤ እኔ የማየው ግን መኖሩን ብቻ ነበር። አንዱን ጫፍ ከምስማሩ ፈታሁት። ከእጄ አምልጦ ወደ ኋላ ተኮማተረ። ሳልስበው ወደ ምስማሩ ልመልሰው ብል አልደርስ አለኝ። በመሐል ሦስት ጣቴ ገባ።

ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ የጠቀጠቅሁትን መምዘዝ ጀመርኩ። አንዱ አንዱን እየጎተተ ወጣ፤ ግራጫው፣ ቡኒው፣ የተበላሸው ሹራብ። አይጥ የወሰደው አንድም አልነበረም። ሁሉም እዚያው ነው፤ ቦታው ሰፍቶለት ወደ ውስጥ ወርዷል እንጂ። የመጨረሻው ሲወጣ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። እርጥብ አፈር ይሸታል፤ አዲስ የተቆፈረ መቃብር እንደሚሸተው።

ልጄ በክንዷ ተደግፋ ቀና ብላ ታየኛለች።

"አባባ?"

"ተነሺ። ኮምቦልቻ እንውረድ።"

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ትልቅ ቋጠሮ ጎትታ አወጣች። ልብሱ፣ ዱቄቱ፣ የአራስ ቅቤው ሁሉ ታስሮ ተቀምጧል። መቼ እንዳሰረችው አልጠየቅኳትም።

ስንወጣ ጎረቤታችንን "አንቺም ተነሺ" አልኳት። የእኔ ግድግዳ ከሄደ የሚያርፈው እሷ ጣራ ላይ ነው።

"እኔ እንዳንተ በሱፍ አልሞኝም" አለች። "ጥጥ እወጥራለሁ። ጥጤ ከተበጠሰ በማግስቱ ኮምቦልቻ በራችሁ ላይ ታገኙኛላችሁ።"

ቤቷ ወርጄ፣ በእሷም ግድግዳ ላይ በወጣው ቀጭን ስንጥቅ ግራና ቀኝ ምስማር መታሁላት። የራሷን ፈትል ድርብ አድርጋ ወጠረችው። የጓዳዬን ቀይ ክር አላወረድኩትም፤ በአንድ ምስማር ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጁ ኮምቦልቻ ተወለደ፤ ወንድ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አረንጓዴውን ብርድ ልብስ ጣል ላደርግበት ስል እናቱ "አባባ፣ ልጄን ሊቀቅሉት ነው?" ትለኛለች። ታጥፎ ከእግሩ ሥር ተቀምጧል። ግራጫውን እጅጌ ይዤ ጥላ ሥር እውላለሁ፤ በላብ እጅ ሱፍ መሥራት ጭቃ እንደ ማቡካት ነው። ማታ ማታ ወደ ደሴ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ከዚህ ይታያል። እዚህ ፀሐይ ሆኖ እዚያ ይዘንባል።

አሁን ደዋዩ እኔ ሆንኩ፤ ለጎረቤታችን።

"ክሩስ?"

"አለ፣ አያ።"

"አልተበጠሰም?"

"አለ አልኩህ እኮ።"

በየቀኑ ይሄው ነው። ትናንት ጠዋት ግን የራሴ መልስ ጆሮዬ ላይ መጣብኝና አጠያየቄን ለወጥኩ።

"ያው የመጀመሪያው ነው?"

"ክር ነዋ፣ አያ።"

"አንቺ ሴት፣ ያው የመጀመሪያው ክር ነው ወይ?"

"ቀይሬዋለሁ።"

"ለምን ቀየርሽው?"

"ተበጥሶ ነዋ! ሁለት ጊዜ ቀየርኩት። ጥጥ ሞልቶኝ ባዶ ምስማር ላይ ላፍጥ?"

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። ሥራዬን በፌስታል እንደያዝኩ የተገኘው ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ዘጋው፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ በእርምጃ ሄደ። "አባት፣ በዚህ ዝናብ ምን አስቸኮለዎት?" አለኝ ረዳቱ። "ጎረቤት ልጠይቅ" አልኩት።

ቤቴ ቆሟል። የአጥሩን በር ልከፍት ስል አልከፈትም አለ፤ መሬቱ ከሥሩ አብጦ ይዞታል። ዞሬ በታች በኩል ወደ ጎረቤቴ ገባሁ። እሷ በሩን ከፍታ ቁጭ ብላ ትፈትላለች። ከበላይዋ ነጩ ክር ተወጥሯል። ከሥሩ ወለሉ ላይ የተበጠሱት ወድቀዋል። ሦስት ናቸው። በስልክ ሁለት ነበር ያለችኝ።

"ተነሺ።"

"ይቺን እንዝርት ልሙላ።"

"ተነሺ አልኩሽ!"

"አያ፣ አንተን ክረምቱን ሙሉ ስንት ሰው ለምኖህ ነው የተነሳኸው? እኔን በአንድ ቃል?"

እሱስ እውነቷን ነው። ጎትቼ አላወጣት ነገር። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና ግራጫውን እጅጌ ከፌስታሉ አወጣሁ። እሷ ትፈትላለች፤ እኔ እሠራለሁ። ካፊያ ነበር። ከእኔ ቤት ጀርባ ጠጠር ሲንኮባለል ሰማሁ። ቆመ። ደግሞ ጀመረ፤ አሁን አልቆመም።

ቀና ብዬ ግድግዳዋን አየሁ። ነጩ ክር በአንድ ምስማር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሲበጠስ ሁለታችንም አልሰማነውም።

እንዝርቷ ቆመ።

"ያን ነጠላዬን አቀብለኝ" አለች።